ድስታችን ምን ያበላናል?
የማጀት ዕቃ አመራረጥና አያያዝ ከጤና አንጻር

ምን መብላት እንዳለብን ብዙ ይጻፋል፣ ብዙም ይነገራል። የምንበላውን በምን ማብሰል እንዳለብን ግን እምብዛም አይነሳም። ዕቃ ስንገዛ ዋጋውን፣ መልኩንና ስንት ሰው እንደሚያበላ እንጠይቃለን፤ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ድስት ግን ምግብ ይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። በሙቀት፣ በጨውና በጎምዛዛ ነገር እየተነካካ በየቀኑ ከራሱ ጥቂት ጥቂት ወደ ወጡ ይለቃል። የሚለቀው ነገር እንደ ዕቃው ዓይነት ለልጅዎ ደም የሚጠቅም ወይም አእምሮውን የሚጎዳ ሊሆን ይችላል።

የምሠራው በላፍቶ አካባቢ ነው። ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከሀና ማርያምና ከመካኒሳ ደም ማነስ የታየባቸውን ሕፃናት ይዘው የሚመጡ ወላጆችን፣ ልጁ ምን እንደሚበላ ስጠይቅ «በምን ዓይነት ድስት ነው የምታበስሉት?» ብዬ እጨምራለሁ። የብዙዎቹ መልስ «በብረት ድስት» የሚል ነው። ስለ ድስቱ ቀለምና ክብደት ስንነጋገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ሆኖ ይገኛል። የዛሬውን ምክር ከዚሁ እንጀምር።

«ብረት ድስት» ሁሉ ብረት አይደለም

በእኛ አነጋገር ከሸክላ ያልተሠራ ድስት ሁሉ «ብረት ድስት» ይባላል። ስሙ ይሁን እንጂ በየገበያው የምናየው አብዛኛው ድስት አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ቶሎ ይግላል፤ አይዝግም፤ ዋጋውም ለብዙ ሰው ይቀርባል። እውነተኛው የብረት ድስት ግን ከባድና ጠቆር ያለ ነው፤ ካልደረቀ ይዝጋል። መካኒኮች «ጊዛ» ከሚሉት ወፍራም ብረት የተሠራውም ከዚሁ ይመደባል።

ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ማግኔት ነው። ፍሪጅ ላይ የምንለጥፈው ጌጥ ጀርባ ያለችው ትንሽ ማግኔት ትበቃለች። ማግኔቱ ድስቱ ላይ ጨርሶ ካልያዘና ድስቱ ቀላል ከሆነ አሉሚኒየም ነው ማለት ይቻላል። አጥብቆ ከያዘና ድስቱ ከባድና ጥቁር ከሆነ ብረት ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ላዩ እንደ ሸክላ ሳህን የሚያንጸባርቅ ቀለም የተለበጠ የኢናሜል ዕቃም ማግኔት ይይዛል፤ ሆኖም ልባሱ ሳይላጥ ብረቱ ከምግቡ ጋር ስለማይገናኝ የብረት ድስት ጥቅም አይሰጥም። ስቴንለስ የሚባለው የማይዝግ ብረት ደግሞ አንዳንዱ ማግኔት ይይዛል፣ አንዳንዱ አይዝም።

ይህን ያህል ስለ ብረት የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ካሉት ሕፃናት 57 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ነበረባቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ለደም ማነስ ከሚዳርጉት ምክንያቶች ዋነኛው የብረት ማዕድን እጥረት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በዓለም ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ተመራማሪዎቹ ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ በመውሰድ 407 ሕፃናትን መዘገቡ። ለአንዳንዱ ቤተሰብ የብረት ድስት፣ ለሌላው የአሉሚኒየም ድስት በዕጣ ደረሰው። ቤተሰቦቹ በደረሳቸው ድስት እያበሰሉ 12 ወር ቆዩ። በመጨረሻ የሕፃናቱ ደም ሲመረመር፣ በብረት ድስት የተበሰለ ምግብ የበሉት ሄሞግሎቢናቸው በአማካይ 1.7 ግራም በዴሲ ሊትር ጨምሯል። የአሉሚኒየሞቹ የጨመረው 0.4 ብቻ ነበር። በቁመትም የብረት ድስቶቹ ልጆች በ0.6 ሴንቲ ሜትር በልጠው ተገኙ። ልዩነቱ የመጣው ከድስቱ ነው።

ይህ ጥናት ለእኛ ማዕድ የሚጠቅም ሌላ ነገርም አሳይቷል። በቤተ ሙከራ የአገራችን ምግቦች በብረት፣ በአሉሚኒየምና በሸክላ ድስት ተበስለው ሲለኩ ከፍተኛው የብረት መጠን የተገኘው በብረት ድስቱ ምግብ ውስጥ ነው። ጥራጥሬ ላይ ግን ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው የብረት መጠን በድስት ዓይነት አልተለያየም። ስለዚህ አንድ የብረት ድስት ያለው ቤተሰብ ለጎመንና ለሥጋ ወጥ ቢያውለው፣ ምስሩንና ሽሮውን በሌላ ድስት ቢሠራ የተሻለ ይጠቀማል። ቲማቲም ያለበት፣ መረቅ የበዛበትና ረዘም ላለ ጊዜ የሚበስል ምግብ ከብረቱ ይበልጥ ይወስዳል።

ይህ ሲባል ድስት መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ልጅዎ ከገረጣ፣ ቶሎ ቶሎ ከደከመ ወይም አፈር መብላት ካበዛ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የታዘዘለትን የብረት ሽሮፕ «የብረት ድስት ገዝተናል» ብሎ ማቋረጥም አይገባም። ብረት በሰውነት ውስጥ የሚጠራቀምበት የታወቀ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር በብረት ድስት አዘውትሮ ባይጠቀም ይመረጣል።

የብረት ድስት እንክብካቤ ይፈልጋል። አዲሱን አጥበው፣ እሳት ላይ አድርቀው፣ ውስጡን ዘይት ቀብተው ደጋግመው ያግሉት። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ አጥበው ወዲያው ያድርቁትና በስሱ ዘይት ይቀቡት። ወጥ አያሳድሩበት፤ ምግቡ ይጠቁራል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ከዛገ ዝገቱን ፍቀው እንደ አዲስ ዘይት ይቀቡት እንጂ አይጣሉት።

ከአሉሚኒየም ጋር እንዴት እንኑር?

አሉሚኒየም ድስትዎን ዛሬውኑ ይጣሉ አልልም። በደንብ ከተሠራና በአግባቡ ከተያዘ ለጤነኛ ሰው የሚያሰጋ አይደለም፤ ወደ ሰውነት የሚገባውን ጥቂት አሉሚኒየም ኩላሊት ያስወግደዋል። የመርሳት በሽታን ያመጣል እየተባለ የሚወራውም በጥናት አልተረጋገጠም። ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎችና ሕፃናት ናቸው።

ሆኖም አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ብዙ እናቶች ድስቱ እንደ መስታወት ካላብረቀረቀ ንጹሕ የሆነ አይመስላቸውም። በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሽቦ እስኪያብለጨልጭ ይፈትጉታል። የድሮው ልማድ ለሸክላና ለብረት ይሠራ ይሆናል፤ ለአሉሚኒየም ግን ይጎዳል። አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ደብዘዝ ያለ ስስ ሽፋን ያበጃል። ብረቱ ወደ ምግብ እንዳይሟሟ የሚከላከለው ይህ ሽፋን ነው። አመድ ደግሞ ሽፋኑን የማሟሟት ባሕርይ አለው። ስለዚህ የድስቱ ውስጥ ደብዘዝ ማለት ቆሻሻ አይደለም። በስፖንጅ ወይም በቃጫና በፈሳሽ ሳሙና ማጠብ በቂ ነው። የተጣበቀ ነገር ካለ ውኃ ሞልተው ለተወሰነ ጊዜ ይዘፍዝፉት ወይም ያፍሉት፤ በራሱ ይላቀቃል። ጥቀርሻ የያዘውን የውጭውን ክፍል የፈለጉትን ያህል ቢፈትጉት ችግር የለውም።

ሁለተኛው ስህተት ማሳደር ነው። ጎምዛዛና ጨዋማ ምግብ አሉሚኒየምን ያሟሟል። የበዓል ዶሮ ወጥ፣ የድግስ ቀይ ወጥ ወይም የቲማቲም ስልስ በድስቱ እንዳለ ሁለት ሦስት ቀን እየሞቀ ይበላል። ሲበስል ከሚወጣው ይልቅ ሲያድር የሚወጣው ያሳስባል። ምግቡ ሲበስል ወደ ሸክላ፣ ብርጭቆ ወይም ስቴንለስ ዕቃ ይገልብጡት። እርጎ፣ ሎሚ የገባበት ነገርና የእንጀራ ሊጥም በአሉሚኒየም አይቀመጥም። የተቦረቦረ፣ ውስጡ ጠቃጠቆ ያወጣ ወይም የሳሳ ድስት ደግሞ ዕድሜውን ጨርሷል።

ትልቁ ሥጋት፦ በድስት ውስጥ ያለ እርሳስ

«ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን ወጣት የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። የሚሰበስበው አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ መርካቶ ምናለሽ ተራና ሌሎችም ቦታዎች ደርሶ ምድጃ፣ መጥበሻና ሌላም የቤት ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። ይህ ለብዙዎች እንጀራ ነው፤ ቆሻሻንም ይቀንሳል። ከቆርቆሮ ተቆርጦና ታጥፎ የሚሠራው የከሰል ምድጃ ምግብ ስለማይነካ ከዚህ አንጻር አያሳስብም። የሚያሳስበው የተለያየ ቁርጥራጭ ብረት በአንድ ላይ ቀልጦ ድስት ሲሆን ነው። የመኪና አካል፣ የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪና ብየዳ ያለበት ብረት አብሮ ከቀለጠ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ከአሉሚኒየሙ ጋር ይቀላቀላል። እርሳስ ስል ልጆች የሚጽፉበትን ማለቴ አይደለም፤ የእሱ ውስጡ ግራፋይት ነው። የምናገረው በመኪና ባትሪ ውስጥ ስላለው ከባድ ብረት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ከ10 ታዳጊ አገሮች የተሰበሰቡ 42 የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን መርምሯል። ጎምዛዛ ፈሳሽ ለሁለት ሰዓት ሲበስልባቸው 15ቱ ጉልህ መጠን ያለው እርሳስ ለቀዋል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ደግሞ ከአፍጋኒስታን በመጡ ስደተኛ ሕፃናት ደም ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ ተገኝቶ ምንጩ ሲፈለግ፣ ቤተሰቦቹ ከአገራቸው ይዘዋቸው የመጡ የአሉሚኒየም ድስቶች እርሳስ እንደሚለቁ ታወቀ። ግዛቲቱም እ.ኤ.አ. በ2024 በማብሰያ ዕቃ ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ሕግ አወጣች። እዚያ ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ድስት የምንልክ ሰዎችም ይህን ብናስብበት ጥሩ ነው።

እርሳስ የሚያሳስበን ዝም ብሎ ስለሚጎዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያስከትል ተብሎ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም። ሕፃናት ከምግብ ጋር የገባውን እርሳስ ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ አብልጠው ወደ ደማቸው ይስባሉ። ከዚያም የማሰብና የመማር ችሎታቸውን ይቀንሳል። ሆድ ቁርጠት፣ ድርቀትና መነጫነጭ ሊያመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም ምልክት አያሳይም። ነፍሰ ጡር እናት የወሰደችው እርሳስም ወደ ፅንሱ ያልፋል።

ሁለቱ ድስቶች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። እርሳስ ራሱ ደም ማነስን ያመጣል። የብረት ማዕድን ያነሰው ልጅ ደግሞ እርሳስን ይበልጥ ይስባል። ስለዚህ ደም ማነስ ያለበትን ልጅ ምንጩ ባልታወቀ ቅልጥ አሉሚኒየም ድስት መመገብ ችግሩን በሁለት በኩል ማባባስ ነው።

እርሳስ ያለበትን ድስት በዓይን መለየት አይቻልም፤ ማፍላትም አያስወጣውም። የሚቻለው ጥርጣሬን መቀነስ ነው። የአምራቹ ስምና ለምግብ ማብሰያ የተሠራ መሆኑ የታተመበትን ዕቃ ይምረጡ። ወፍራም፣ ላዩ ሸካራ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ቀለሙ ወጣ ገባ የሚል ቅልጥ ድስት ከሆነ፣ ሻጩም ከምን እንደቀለጠ መናገር ካልቻለ ለሕፃን ምግብና ለጎምዛዛ ወጥ አይግዙት። ቀድሞ በእጅዎ ካለ ለልብስ ውኃ ማሞቂያ ያውሉት።

ሸክላ፣ ስቴንለስ፣ ኢናሜልና የማያጣብቅ መጥበሻ

የአገራችን ሸክላ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በሜክሲኮና በሌሎች አገሮች የሸክላ ድስት እርሳስ ያለበት የሚያብረቀርቅ ልባስ እየተቀባ ብዙ ሕፃናትን ጎድቷል። የቀጨኔም ሆኑ የገጠር ሸክላ ሠሪዎቻችን የሚሠሩት ባህላዊ ድስት፣ ምጣድና ጀበና ግን እንዲህ ያለ ልባስ የለውም፤ አፈሩ በድንጋይ ተዳምጦና ተወልውሎ ይቃጠላል። ሲገዙ ቀለም ያልተቀባውን ይምረጡ። ለጌጥ ቀለም የተቀባው ለመደርደሪያ ይሁን።

ሸክላ ቀዳዳማ ስለሆነ ሳሙናንም ወጥንም ይመጣል። በሙቅ ውኃና በቃጫ ማጠብ ይበቃዋል፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ጥርት አድርጎ ማድረቅ ነው። እርጥብ ሆኖ የተከደነ ሸክላ ይሻግታል። ጀበናም እንዲሁ ነው። አተላውን ሳያሳድሩ በሙቅ ውኃ አለቅልቀው አፉን ደፍተው ያድርቁት። ምጣድ የሚያስሱበት ጨርቅ ከጥጥ የተሠራና የሚታጠብ ይሁን። ናይለን ጨርቅ ምጣዱ ላይ ይቀልጣል፤ ከእንጀራው ጋርም ይበላል።

ስቴንለስ ለብዙ ቤት ጥሩ ምርጫ ነው። ጎምዛዛ ምግብ አይጎዳውም፤ ወጥ ቢያድርበትም ችግር የለውም። ለአብዛኛው ሰው የሚያሰጋ ነገር አይለቅም፤ ለኒኬል አለርጂ ያለበት ሰው ብቻ ሐኪሙን ያማክር። ግርጌው ወፍራም ከሆነ ምግብ አያሳርርም። ኢናሜል ደግሞ ልባሱ እስካልተላጠ ድረስ መልካም ነው። የተላጠ ኢናሜል ድስት ስብርባሪው ምግብ ውስጥ ስለሚገባ ይቅርብዎ።

ቴፍሎን በሚባለው ነገር የተለበጠ የማያጣብቅ መጥበሻን በተመለከተ ብዙ ፍርሃት ይሰማል። ከመጥበሻው ተፍቆ የተዋጠው ልባስ ሰውነት ሳይመጠው ይወጣል። አደጋው ያለው ከመጠን ባለፈ ሙቀት ላይ ነው። ልባሱ ከ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ ከዚያም ሲያልፍ እንደ ጉንፋን የሚያንዘፈዝፍ ጢስ ያወጣል። ባዶውን እሳት ላይ የተጣደ መጥበሻ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እዚህ ሊደርስ ይችላል። ልባሱን ለማምረት ያገለግል የነበረው ፒኤፍኦኤ የተባለው ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ2023 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመድቧል፤ ስለዚህ ከዚህ ኬሚካል ነጻ መሆኑ የተጻፈበትን ይግዙ። በእንጨት ማማሰያ ይጠቀሙ፣ በሽቦ አይፈትጉ፣ ባዶውን አያግሉ፣ ልባሱ ከተላጠ ይለውጡት።

ፕላስቲክ፦ ትኩስ ነገር አይወድም

ትኩስ ሽሮ በፌስታል፣ ከምጣድ የወጣ እንጀራ በላስቲክ፣ የእንጀራ ሊጥ በቀለም ባልዲ። ሦስቱም በየሰፈራችን የምናያቸው ናቸው። ሙቀት፣ ቅባትና ጎምዛዛነት በፕላስቲክ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ምግብ እንዲወጡ ያግዛሉ። እንጀራው ሰፌድ ላይ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ይሸፈን። ወጥ ለመግዛት ሲሄዱ የስቴንለስ ምሳ ዕቃ ይያዙ። ለቡሃቃ የሚያውሉት ባልዲ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ቀለም፣ ኬሚካል ወይም ፀረ ተባይ የነበረበት ባልዲና በርሜል ስንት ጊዜ ቢታጠብ ለምግብም ለውኃም አይሆንም፤ ፕላስቲኩ የመጠጠው በሳሙና አይወጣም።

እጥበት፦ ቶሎ የሚያሳምመን የትኛው ነው?

እስካሁን ያወራነው በዓመታት ስለሚጠራቀም ጉዳት ነው። ተቅማጥና ትውከት ግን በአንድ ቀን የሚመጡ ናቸው። የሚመጡትም ብዙ ጊዜ ከድስቱ ሳይሆን ከማጠቢያው ነው።

በማጀት ውስጥ ጀርም ከሚበዛባቸው ዕቃዎች አንዱ ስፖንጁ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ፍርፋሪም አያጣም። ከተጠቀሙ በኋላ ጨምቀው አየር በሚያገኝበት ቦታ ያድርቁት፤ በየጥቂት ቀኑ ውኃ ውስጥ ያፍሉት፤ መሽተት ከጀመረ ይጣሉት። የዕቃ ማድረቂያ ፎጣና የእጅ ፎጣ አንድ አይሁኑ። በሳፋ የሚያጥቡ ከሆነ ከብርጭቆና ሲኒ ጀምረው ቅባት ወዳለበት ድስት ይሂዱ፤ ውኃው ሲደፈርስ ይለውጡት። የታጠበውን በፎጣ ከማሸት ይልቅ ደፍቶ በአየር ማድረቅ የተሻለ ነው።

ሥጋና ዶሮ የሚከተፍበት መክተፊያ ሰላጣና ቲማቲም ከሚከተፍበት ይለይ። ሁለት መግዛት ካልተቻለ መጀመሪያ ሰላጣውን፣ በመጨረሻ ሥጋውን ይክተፉ። በቢላ ብዙ የተተለተለ መክተፊያ ጀርሙን በስንጥቁ ይደብቃል፤ ይለወጥ። ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ ባህላችን ነው፤ ተውት ብል የሚሰማኝ የለም። ነገር ግን ከቧንቧ ሥር በኃይል ሲታጠብ ፍንጣሪው እስከ ድርድር ሳህኑ ይደርሳል። በጥልቅ ሳፋ ውስጥ ቀስ ብለው ይጠቡት፣ በአጠገቡ ታጥቦ የተደረደረ ዕቃና ሰላጣ አይኑር፤ ሲጨርሱ ሳፋውን፣ ቢላውን፣ የእጅ መታጠቢያውንና እጅዎን በሳሙና ያጽዱ።

ሥጋና ዶሮ የነካውን ዕቃ በሳሙና ካጠቡ በኋላ በበረኪና መጥረግ ይቻላል። 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው፣ ሽታ ካልተጨመረበት በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውኃ በጥብጠው ለጥቂት ደቂቃ ይተዉትና ያድርቁት። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ የኮንዶሚኒየም ማዕድ ቤት ውስጥ ሳንባን ያቃጥላል። በአሉሚኒየም ድስትም በረኪና አይዘፍዝፉ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካንና ሮቶም የማጀት ዕቃ ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት አዲስ አበባን እንዳስጨነቀ የምናስታውስ ብዙ ነን። የጀሪካን ችግር አፉ ጠባብ መሆኑ ነው፤ እጅ አይገባም፣ አረንጓዴ ዝቃጭ ግርጌው ላይ ይጋገራል። ጥቂት ጠጠር፣ ሳሙናና ውኃ ጨምረው አጥብቀው ይናጡት፤ ካለቀለቁት በኋላ በበረኪና በተበጠበጠ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ሞልተው ይደፉት፣ እንደገናም ያለቅልቁት። ክዳኑንና ጥርሱን አይርሱ። ሮቶ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጠብ። የመጠጥ ውኃ ቅጂ ኩባያ ጀሪካኑ ውስጥ አይግባ፤ አዘንብለው ይቅዱ።

የኤሌክትሪክ ዕቃዎች

ፍሪጅ ጀርምን ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ውስጡ ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ይሁን። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ትልቅ ድስት ወጥ በትናንሽ ዕቃ ከፍለው ቢያስገቡ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጥሬ ሥጋ ደሙ እንዳይንጠባጠብ ከታች ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ ተዘግቶ ከቆየ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ወተት፣ ሥጋና ወጥን «ሽታው አልተቀየረም» ብሎ መብላት አይገባም፤ አደገኛው ጀርም ሁልጊዜ አይሸትም። የበሩን ጎማ በሳሙና ውኃና በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ ሻጋታ የሚበዛው እዚያ ነው።

ጁስ መፍጫ በውኃ አሽከርክሮ መድፋት ማጠብ አይደለም። ከሶኬት ነቅለው ምላጩን ይፍቱ፤ ከሥሩ ያለችውን የጎማ ቀለበት አውጥተው ይጠቡ፣ ሳይደርቅ አይግጠሙት። የአቮካዶና የፓፓያ ቅሪት የሚሸሸገው እዚያች ቀለበት ሥር ነው።

በውኃ ማፍያ ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ከውኃው የሚመጣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። የደቡብ አዲስ አበባ ሰፈሮች ከአቃቂ የከርሰ ምድር ውኃም ስለሚጠቀሙ ይህን ቅርፊት ማየት አያስገርምም። ለጤና አይጎዳም፤ ኩላሊት ጠጠር ያመጣል ብለውም አይስጉ። ኮምጣጤና ውኃ እኩል ቀላቅለው ወይም የሎሚ ጭማቂ ጨምረው ያፍሉት፣ አሳርፈው ይድፉት፣ ንጹሕ ውኃ አንድ ጊዜ አፍልተው ይድፉ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ኃይል ይወስዳል። በዲቫይደር አይሰኩት፤ ለብቻው ወፍራም ገመድና የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ያስፈልገዋል። ሲነካ የሚነዝር ምጣድ «ጫማ አድርጌ እጋግራለሁ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ እስኪጠገን ይቁም። የሚጸዳውም ተነቅሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ውኃ አይፈስበትም። ልጅ ምጣድ ወይም ማፍያ ካቃጠለው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያቀዝቅዙት። የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል ወይም ቅባት አይቀቡ። ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከተቃጠለ ወይም ውኃ ከቋጠረ ወደ ጤና ተቋም ያምጡት።

አቅም ውስን ከሆነ ከየት እንጀምር?

ሁሉን በአንድ ቀን መለወጥ የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ አያስፈልግምም። እንደ ሐኪም ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ገንዘብ የማይጠይቀውን ዛሬ ይጀምሩ፦ ስፖንጁን ያድርቁ፣ አሉሚኒየሙን በአመድ መፈተግ ይተዉ፣ ወጥ በድስቱ አያሳድሩ፣ ጀሪካኑን ይጠቡ።

ሁለተኛ፣ ምንጩ ያልታወቀ ቅልጥ ድስት ካለ በመጀመሪያ የሚለወጠው እሱ ነው፤ በተለይ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ባለበት ቤት። ለሕፃኑ አጥሚት የምትሆን አንዲት ትንሽ ስቴንለስ ድስት ብትገዛ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ ደም ማነስ የሚደጋገምበት ቤት ከሆነ ቀጣዩ ዕቃ የብረት ድስት ይሁን። ዋጋው ከአሉሚኒየም ሊበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕቃ ነው።

አራተኛ፣ ጌጠኛ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመጨመርዎ በፊት ያሉትን ገመድና ሶኬት ያስፈትሹ።

በሚቀጥለው ጊዜ ገበያ ሲወጡ ትንሿን ማግኔት ከፍሪጁ ላይ ነቅለው ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ፤ «ይህ ከምን ተሠራ?» ብለው ይጠይቁት። ገዢ ሲጠይቅ ሻጭ ይጠይቃል፤ ሻጭ ሲጠይቅ አምራቹም የሚያቀልጠውን መምረጥ ይጀምራል። ቸር ይግጠመን።